የእናቴ የሽንት ቤት በር

«ሰጠሁት፣ አለቀ። ቀንድ ሙሉ ወይን በእጄ ይዤ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እየሰማ ‹ያንተ ነው› ብያለሁ። አሁን ሄጄ ‹ተሳስቻለሁ፣ መልስልኝ› ልበለው?»

«አዎ፣ በለው» አልኩት።

«አንተ ልጅ ነህ፣ አይገባህም።»

«መስጠት ካማረህ ሱሪህን አውልቀህ አትሰጠውም ነበር? የእናቴን በር ምን አስነካህ?»

ጋሽ ቫኹሽቲ ሲጋራውን በረንዳው ብረት ላይ ደፍጥጦ አጠፋና ቁልቁል ወደ ግቢው አየ። እኛ ግቢ በረንዳው ዙሪያውን የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲሳደብ ሌላው ሁሉ ይካፈላል። ታች ምንጣፍ ስታራግፍ የነበረችው ሴትዮ ማራገፏን ትታ ቀጥ ብላ ቆማለች። ላይ ያሉት ደግሞ በዚያ ብርድ መስኮታቸውን ገርበብ አድርገውታል። እኔ ደስ አለኝ። ይስሙ።

ሰውየው ሠዓሊ ነው፣ ትብሊሲ ውስጥ ስም ያለው ሠዓሊ። ሰባውን ካለፈ ቆይቷል። ከተወለድኩ ጀምሮ ጎረቤታችን ነው፣ እኔም ጋሼ እያልኩት ነው ያደግኩት። ያን ቀን ጠዋት ግን ጋሼ የምትለዋ ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። ከአንድ ቀን በፊት፣ በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ግብዣ ላይ፣ የእናቴን የሽንት ቤት በር አንስቶ ባቱሚ ውስጥ ሆቴል ላለው ሰውዬ ሰጥቶታል። ሸጦት ቢሆን ሌባ ብዬ እገላገለው ነበር። እሱ ግን በነጻ፣ በክብር፣ እየተጨበጨበለት ነው የሰጠው። የሰው ዕቃ ሰጥቶ ራሱ ቸር ተባለ።

«ደሞ» አልኩት፣ «አባቴ የሞተው ላንተ አምፖል ብሎ እንደሆነ አትርሳ።»

ይቺን ስል ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋብኝ። እሱ በር አለው።

የበሩን ነገር ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ለሽንት ቤት በር ይኼን ያህል ምን አስጮኸህ ትሉኛላችሁ። እኔ በተወለድኩበት ክረምት ከተማው ውስጥ መብራት የለም፣ ጋዝ የለም፣ ዳቦም በሰልፍ ነው። ሰው የቤቱን ወለል እየነቀለ ያነድ ነበር። ቁምሳጥን ነደደ፣ ፒያኖ ነደደ፣ በሮች ተራ በተራ ነደዱ። እኛ ቤት የተረፈው የሽንት ቤቱ በር ብቻ ነው፣ እሱንም ያተረፈችው እናቴ ፂዩሪ ናት። አባቴ መጥረቢያ ይዞ ሲመጣ በሩን ተደግፋ ቆማ፣ በብርድ መሞቴ ካልቀረ ዘግቼ ልሙት አለችው አሉ።

ቫኹሽቲ ያኔ ሸራ አጥቶ እጁን እያሳከከው ነበር። የግቢው ሰው በሙሉ እኛ ምድጃ ዙሪያ ነበር የሚውለው፣ እሱም እዚያው። አንድ ቀን ነሸጠውና አባቴን፣ ጉራምን ማለቴ ነው፣ በርጩማ ላይ አስቀምጦ በኩራዝ ብርሃን በሩ ላይ ሳለው። በውስጥ በኩል ነው የሳለው፣ የውጪው ቀለም ይላላጥ ነበርና። ከዚያ በኩራዝ መሳል ዓይኔን ጨረሰው እያለ ክረምቱን ሙሉ ሲያላዝን ከረመ። በጸደይ አባቴ ከመንገዱ ምሰሶ ለግቢው መስመር ልጥለፍ ብሎ ወጣ። መብራቱ መጣ። አባቴን ኤሌክትሪኩ ያዘው፣ በገመድ አስረው ነው ያወረዱት።

ስለዚህ እኔ አባቴን የማውቀው በበሩ ነው። የሠርግ ፎቶ አለን፣ ግን እዚያ ላይ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ደርቆ ቆሟል። በሩ ላይ ጥርሱ በሙሉ እስኪታይ ይስቃል፣ አንዱ ቅንድቡ ከፍ ብሏል፣ አሁን አንድ ተንኮል ሊሠራ ነው ትላላችሁ። ሌላው ልጅ አባቱን ሶፋ ላይ ነው የሚያናግረው፣ እኔ ደግሞ ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ ቁጭ ብዬ። ከትምህርት ቤት ሲያባርሩኝ መጀመሪያ የነገርኩት ለእሱ ነው። እየሳቀ ሰማኝ። ጢም ሲያበቅለኝም የእሱን አስመስዬ ነው የቆረጥኩት።

መኸር ላይ ቫኹሽቲ ሜዴያ የምትባል የጋለሪ ሴትዮ ይዞ መጣ። የሃምሳ ዓመት ሥራው ከያለበት ተሰብስቦ ሊታይ ነው፣ በሩም ያስፈልጋል። ሴትዮዋ ሽንት ቤታችን ውስጥ ገብታ ብዙ ቆየች፣ ስትወጣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሽታው ይሁን ጥበቡ አላውቅም። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ መቼ ነው የሚመለሰው አለች። ቫኹሽቲም፣ ከጥምቀት በኋላ ይመለሳል፣ በጉራም መቃብር ይሁንብኝ ብሎ ማለ። በዚያ መሐላ ነው የሰጠችው። ነቅለው ሲወስዱት ቆማ አየች፣ ከዚያ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰቀለች።

ሽንት ቤታችን በረንዳው ጫፍ ላይ ነው። ንፋስ አለ። እናቴ በአንድ እጇ መጋረጃውን ጨምድዳ ይዛ፣ ሰው እንዳይመጣባት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መዝፈን ጀመረች። ድምፅ የላትም ምስኪን። ፂዩሪ ስትዘፍን ግቢው በሙሉ የት እንደተቀመጠች ያውቃል። ቤተክርስቲያን እንኳ ከንፈሯን ብቻ የምታንቀሳቅስ ሴት ናት። እኔ ግን እስቅ ነበር። እስከ መክፈቻው ቀን ድረስ ሳቅኩ።

መክፈቻው ከገና በፊት ነበር፣ በቀን። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔ ደግሞ የሰው ኮት ለብሼ ሄድን። የመጀመሪያው ክፍል በወጣትነቱ የሳላቸው ናቸው፣ ወይን የሚለቅሙ ሴቶችና ትራክተር። ከዚያ ሰማያዊ ፈረሶች፣ እነሱ ቀላል አይደሉም። ከዚያ አራት ማዕዘኖች። መጨረሻው ክፍል ውስጥ ግድግዳውን በሙሉ የያዘ ቀይ ሸራ አለ፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር። ስድስት ዓመት የለፋበት እሱን ነው ይባላል። እና መሐለኛው ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን፣ መብራት በርቶለት፣ አባቴ።

ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። በቃ፣ ሁሉም። ልጃገረዶች ከአባቴ ጋር ፎቶ ይነሳሉ። አንድ መነጽራም በሩ ላይ ያለውን ሚስማር እያሳየ ስለ ክርስቶስ መከራ ያስረዳል፤ ሚስማሩ ጋዜጣ የምንሰካበት ነው፣ ለምን እንደምንሰካው ይገባችኋል። እናቴ ሰዉን በክርኗ ገፍታ ገባችና በሩን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ መቀርቀሪያው የታለ ብላ ጠየቀች። ሜዴያ ቀስ ብላ፣ ሥዕሉን ስለሚረብሽ አንስተነዋል አለቻት። እኔ እናቴ ደንግጣ ነው ብዬ አዘንኩላት። ባሏን እንደዚያ በሰው ተከቦ ስታየው የምትለው ጠፍቷት ነው አልኩ።

ቫኹሽቲ ቀዩ ሸራ አጠገብ ቆሟል፣ ብቻውን። አንድ ወንድና ሴት ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቀዩ ሲወስዳቸው አየሁት። እነሱም አንገታቸውን ነቀነቁ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያ ወደ በሩ ተመለሱ። ያኔ አስቆኝ ነበር።

ግብዣው እዚያው ጎን ባለ አዳራሽ ነው። ዶሮ በለውዝ ወጥ፣ ትኩስ የአይብ ዳቦ፣ ወይን በማሰሮ። ጋባዡ ቫኹሽቲ፣ ተጋባዡ እኛ። ከእንግዶቹ አንዱ ጄማል የሚባለው የባቱሚው ሰውዬ ነው፣ አንገቱ ከራሱ የሚወፍር፣ ሳቁ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ። ተራው ሲደርስ ተነሳና፣ ዛሬ ካየሁት ሁሉ ያ በር ላይ ያለው ሰውዬ ልቤን ወሰደው፣ እንደዚያ የሚስቅ ሰው ተስሎ አይቼ አላውቅም አለ። እኛ ዘንድ እንግዳ በማዕድህ ላይ ቆሞ ያለህን ነገር ካደነቀ አንስተህ ትሰጠዋለህ። እናቴ አጎቴ ሲመጣ ጥሩዎቹን ብርጭቆዎች አልጋ ሥር የምትደብቀው ለዚህ ነው።

ቫኹሽቲ ጄማል ሳይጨርስ ብድግ አለ። መጣደፉ ነው የገረመኝ፣ እሳት የያዘ ነገር ከእጁ እንደሚጥል ሰው። «ያንተ ነው» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ። ማንም ሰው፣ ይቅርታ፣ ይህ የማን በር ነው አላለም። እናቴ ሞልቶ የተቀዳላትን ብርጭቆ ሳትቀምሰው ቁጭ አደረገችና ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ለምርቃት የተነሳ ብርጭቆ ሳይጠጡ መውጣት ሰው ፊት ላይ መትፋት ነው። እንደተፋች ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ ከቫኹሽቲ ጋር በረንዳ ላይ የተጣላነው በዚህ ነው። ከእሱ ወጥቼ ሜዴያ ጋ ሄድኩ። በጣም በትሕትና፣ የሠዓሊው ቃል ይበቃናል አለችኝ። የእናቴስ ቃል ብላት፣ እናትዎ የተከበሩ ናቸው አለችኝ። እርስዎ ተባልኩ፣ በሩን ግን አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ አልዘረዝርም። አበባውን መጋረጃ ቀድጄ ግማሹን ቫኹሽቲ በር ላይ ሰቅዬበታለሁ። የጭስ ማውጫው ውስጥ ድንች ወትፌበታለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ጋለሪ ገብቼ «ሽንት ቤት» ብዬ በትልቁ ጽፌ፣ ቀስት ሠርቼበት፣ ወደ ቀዩ ሸራ አቅጣጫ ለጠፍኩት። አንድ ሽማግሌ ቀስቱን ተከትለው ሄደው ሸራው ፊት ብዙ ቆሙ፣ ቁልፋቸውን እየነካኩ። ጥበቃዎቹ በኮሌታዬ ጎትተው አወጡኝ። እየሳቅኩ ነው የወጣሁት፣ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ሆዴ ውስጥ ያለው ንዴት እንዳለ ነው። ቤት ስገባ እናቴ እየዘፈነች ነበር። ውጪ በረዶ ይጥላል።

በዚያ ሰዓት ነው የመጣልኝ። በምን ወሰዱት? በማድነቅ። እንግዲያው እኔም አደንቃለኋ።

ኤግዚቢሽኑ የተዘጋው ከጥምቀት ማግስት ነው። ጄማል በሩን ወደ ባቱሚ ከመጫኑ በፊት ወንዙ ዳር ያለ ምግብ ቤት ውስጥ የምሳ ግብዣ ደገሰ። ሰውየው ለጋስ ነው፣ የሠዓሊውን ግቢ ሰው በሙሉ ጥሩልኝ ብሎ ላከ፤ ሥዕሉ የተወለደበትን ሕዝብ ማየት እፈልጋለሁ አለ አሉ። ስለዚህ በክብር ተጠርተን ነው የሄድነው። እናቴን መንገድ ላይ ዕቅዴን ነገርኳት። ከሁሉ ፊት ቆሜ በሩን አደንቃለሁ፣ ጄማል ወንድ ከሆነ ይሰጠኛል፣ ካልሰጠ ስሙ ባሕር ገባ። እናቴ ጉንጬን አልሳመችኝም።

«በሩ ይምጣ እንጂ በዘፈንም ታመጣው እንደሆነ አምጣው» አለችኝ።

ስንገባ በሩ እዚያው ነው። ጄማል እያየሁት ልጠጣ ብሎ ከማዕዱ ራስጌ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። አባቴ ያንን ሁሉ ሥጋ እያየ ይስቃል። ቫኹሽቲ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። እኔን ሲያይ ዓይኑን ወደ ሰሃኑ መለሰ።

ታማዳው፣ የማዕዱ መሪ ማለት ነው፣ የጄማል የእህቱ ባል ነበር። ለሰላም ጠጣን፣ ለአገር ጠጣን፣ ለባቱሚ ሁለቴ ጠጣን። ከዚያ ለሞቱት ሲደርስ ሁላችንም ተነስተን ቆረስ ያደረግነው ዳቦ ላይ ወይን ጠብ ጠብ አደረግን። እኔ እጄን አንስቼ ታማዳውን የመናገር ተራ ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝ።

«ጋሽ ጄማል» አልኩ፣ «ማዕድህ የበረከት ነው። ግን ከሥጋውም ከወይኑም ከአንተም ሳቅ በላይ እኔ የወደድኩት ያንን በር ነው። እንደሱ ያለ ነገር በዓለም ላይ የለም። ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም።»

ሹካ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ምን እንደሠራሁ ገብቷቸዋል፤ ጄማልም ገብቶታል፣ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ወረደ።

«አንተ ጎረምሳ፣ ማን ነህ?» አለኝ።

«የበሩ ልጅ ነኝ።»

ወደ በሩ አየ፣ ወደ ጢሜ አየ። ከዚያ ከጎኔ የቆመችውን እናቴን አየ። እኔም ከጀመርኩ አላቆምም፤ ሰውየው አባቴ መሆኑን፣ በሩ የእናቴ መሆኑን፣ በመቃብር ተምሎ መወሰዱን፣ እናቴ በዚህ በረዶ ስታደርገው የከረመችውን ሁሉ ነገርኩት። ዘፈኑንም ጭምር። እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፣ አላቆምኩም።

ጄማል ብርጭቆውን አስቀመጠ። እንደዚያ ያለ ግዙፍ ሰው በዝግታ ሲናደድ ያስፈራል። ወደ ቫኹሽቲ ዞሮ፣ የዚች ሴትዮ ዕቃ ነው ወይ አለው። ቫኹሽቲ ዓይኑን ከሰሃኑ አላነሳም። ጠይቀሃታል ወይ አለው። ጄማል ለእናቴ ጎንበስ ብሎ፣ እትዬ፣ በሩ የእርስዎ ነው፣ በእኔ መኪና፣ በእኔ ሰዎች ዛሬውኑ ይገባል አላት። ከዚያ ድምፁ ወጣ።

«የመበለት በር አሸክመኸኝ ልትስቅብኝ? በገዛ ማዕዴ ላይ ሌባ አደረግከኝ አይደል? ለምን? ሌላ የምትሰጠኝ አጥተህ ነው? ያን ቀዩን ለምን አልሰጠኸኝም?»

«ቀዩን አላደነቅክማ» አለ ቫኹሽቲ።

በጣም ቀስ ብሎ ነው ያለው። ቀጥሎ ተነሳ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ያን ጊዜ ሰውየው ከእኔ የባሰ የተናደደ መሆኑን አየሁ፣ ከዚያ በፊት አልታየኝም ነበር።

«ማን አደነቀው?» አለ። «ሃምሳ ዓመት ስዬ፣ ዓይኔ ጠፍቶ፣ ወገቤ ተሰብሮ፣ ሰባት ክፍል ሙሉ አንጠልጥዬ፣ ሕዝቡ በሙሉ ሄዶ ሽንት ቤት ፊት ቆመ። በረሃብ ራሴን አዙሮኝ፣ በአንድ ቁጭታ የሞነጫጨርኩት ነው። ከዚያ በፊት የሠራሁትን በላው፣ ከዚያ በኋላ የሠራሁትንም በላው። ከዓይኔ እንዲጠፋልኝ ፈለግኩ። ባቱሚ ይሂድ፣ ከፈለገም ባሕር ይግባ።»

ከፊቴ የነበረውን የወይን ማሰሮ አንስቻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ራሱ ላይ ልከሰክስበት ነበር። አባቴን ባሕር ይግባ ሲል ሰማሁት እኮ። ያቆመኝ የሰውየው ፊት ነው። እንባው እየወረደ ነበር፣ አልጠረገውም። በሩን፣ ያንን ጀርባውን ሰጥቶት የነበረውን በር፣ ዞሮ አየው። ከዚያ ወደ እናቴ ሄደ። አረጀ ብለን የምናውቀው ሰውዬ እዚያ አምስት እርምጃ ውስጥ እንደገና አረጀ።

«ፂዩሪ» አላት፣ «ይቅር በይኝ። ውሰጂው። ጉራም የሞተው ለእኔ መብራት ነው፣ አውቃለሁ፣ በየቀኑ ነው የማውቀው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በዕድሜዬ አንድ እውነት ብቻ ነው የሳልኩት፣ እሱም ይሄ ነው። ጉራም ራሱ ነው። እስትንፋሱ አለበት።»

ጄማል መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ነፋ። ታማዳው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ከጋለሪው ተጠርታ የመጣችው ሜዴያማ ተዉት፣ የዓይኗ ቀለም ፊቷ ላይ ፈሷል። እኔም፣ ይኼን ማን ይሰማኛል፣ ማሰሮውን አስቀምጬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ታማዳው ብርጭቆ አነሳና፣ እንግዲህ ለጉራም፣ ሞቶም በመካከላችን ለሚስቀው ለጉራም ብሎ ጀመረ። ሁሉም ተነሳ። ሁሉም እናቴ አንድ ቃል እንድትል ጠበቀ።

እናቴ ብርጭቆ አላነሳችም። በሩ ጋ ሄዳ ጠርዙን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ነበር። ከዚያ ወደ ቫኹሽቲ ዞረች።

«ጉራምን አይመስልም» አለችው። «አንድም ቀን መስሎኝ አያውቅም። መቀርቀሪያዬን የት ነው የጣላችሁት?»